ሰሙ፣ ወርቁና እጁ

ስለ ቅኔ በተነሣ ቁጥር «ሰምና ወርቅ» የሚለውን ቃል የማያነሣ የሥነ ጽሑፍ ሰው በመካከላችን አይገኝም። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ይጽፈዋል፤ ሐያሲው በመጣጥፉ ይደጋግመዋል፤ ባለቅኔውም ይኮራበታል። ይሁን እንጂ ምሳሌው ከአንጥረኛ ቤት የተወሰደ መሆኑን ቆም ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። አንጥረኛው የሚሻውን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ጭቃውን በእሳት አግሎ ሰሙን ያፈሰዋል፤ ሰሙ ለቅቆት በሄደው ባዶ ስፍራ የቀለጠውን ወርቅ ይሞላበታል። ሊቃውንቱ ምሳሌውን ወሰዱ፤ ምሳሌውን የሰጣቸውን ሰው ግን ከደጃፍ መለሱት። ቅኔው «ረቂቅ ጥበብ» ሲባል አንጥረኛው «ባለ እጅ» ተብሎ ቀረ፤ ያም ሳይበቃ «ቡዳ» ተባለ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ፍርድ መቃወም ነው። ፍርዱ የእኛ ብቻ አይደለም። በዓለም ታላላቅ ቤተ መዘክሮች፣ በሐራጅ ቤቶች መዝገብና በሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በሠለጠነ ቋንቋ ተጽፎ ይገኛል። በጉልህ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የቡድሃ እምነት የብረታ ብረት ሐውልቶች ጉዳይ ስለሆነ ክርክሬን ወደ ኔፓል እወስዳለሁ፤ ከካትማንዱ በስተደቡብ፣ ከባግማቲ ወንዝ ማዶ ወደምትገኘው ወደ ፓታን ከተማ። ላሊትፑር የሚለው ሌላው ስሟ የውበት ከተማ እንደማለት ነው። በዚያች ከተማ፣ በኦኩ ባሃልና በአካባቢው፣ ኔዋር የሚባለው ሕዝብ ሐውልት ሠሪዎች የኛ አንጥረኛ የሚያውቀውን ያንኑ የሰምና የእሳት ጥበብ ለዘመናት ሲሠሩበት ኖረዋል፤ ዛሬም ይሠሩበታል። ሐውልቶቻቸው ወደ ቲቤት ሄደዋል፣ ወደ ሞንጎልያ ሄደዋል፣ ወደ ቻይና ሄደዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1959 በኋላ ብዙ ቲቤታውያን ወደ ኔፓልና ወደ ሕንድ ሲሰደዱም አዳዲሶቹ ገዳማት የጎደላቸውን ምስል ያገኙት በአመዛኙ ከእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አስቀድሞ መጠቀስ አለበት። የፓታን ሐውልት ሠሪ እንደ እኛ አገር ቀጥቃጭ ከማኅበረሰቡ ዳር የተገፋ ሰው አይደለም። ሙያው በአብዛኛው የሻክያ ወገን ሙያ ነው። ሻክያዎች የየገዳማቸው ማኅበር አባላት ናቸው፤ ወንዶች ልጆቻቸው በልጅነታቸው ራሳቸውን ተላጭተው፣ ለጥቂት ቀናት የመነኩሴ ልብስ ለብሰው፣ ከማኅበሩ ከተቆጠሩ በኋላ ወደ ዓለማዊ ኑሮ ይመለሳሉ። በእኛ አገር ግን ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ማወጅ አስፈልጓቸው ነበር። እንግዲህ በአገሩ የተከበረው የፓታን ሰው ከአገሩ ድንበር ሲወጣ ምን ይገጥመዋል? ስሙ ይጠፋል። ሰው በስድብ ብቻ የሚደመሰስ የሚመስለው ተሳስቷል፤ በውዳሴም ይደመሰሳል። ሐውልቱን «ድንቅ» ብሎ፣ ሠሪውን «ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ከስድብ የሚለየው በትሕትናው ብቻ ነው።

የዚህ መደምሰስ ምሁራዊ ምክንያት ሆኖ የሚቀርበው ክስ ደግሞ የታወቀ ነው። «እነዚህ ሰዎች ገልባጮች እንጂ ፈጣሪዎች አይደሉም፤ ልኩ ከጥንት የተወሰነ ነው፤ በተወሰነ ልክ የሚሠራ እደ ጥበብ እንጂ ኪነ ጥበብ አይባልም» ይባላል። እርግጥ ነው፣ ልኩ አለ። የቡድሃ አካል በጣት ስፋት ይመተራል፤ በአንደኛው ትውፊት ሙሉ ቁመቱ 125 ጣት፣ በሌላው 120 ጣት ነው። ቀኝ እጁ ወርዶ ምድርን ከነካ ሻክያሙኒ ምድርን ለምስክርነት የጠራበት ሰዓት ነው፤ ሁለቱ እጆች በጭኑ ላይ ተደራርበው ካረፉ ተመስጦ ነው። ይህን ሠሪው በፈቃዱ አይለውጠውም። ታዲያ ምን ይሁን? ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ የቤቱን ቁጥርና የዜማውን ልክ ያወጣው ዛሬ የሚቀኘው ሰው አይደለም። ማንም ግን ባለቅኔውን ገልባጭ ብሎት አያውቅም። የቴአትር ሰው በመሆኔም አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ ተዋናዩ የሚናገረውን ቃል ሌላ ሰው ጽፎለታል፣ የሚቆምበትን ስፍራ አዘጋጁ አሳይቶታል፤ ሆኖም አንዱ መድረኩን ሲሞላው ሌላው ባዶ ያደርገዋል። የ125 ጣት ልክ በገጽ ላይ የተሰመረ መስመር ነው። የጉንጩን ሙላት፣ የትከሻውን መላላት፣ ምድርን የነካችው የመካከለኛዋ ጣት ትንፋሽ ያላት መምሰሏን የሚወስነው ግን መስመሩ ሳይሆን እጁ ነው።

ደግሞስ «መገልበጥ» የተባለው ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ከሳሾቹ አንድ ጊዜ እንኳ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቢከተሉት ቃሉን ለመሰንዘር ባልደፈሩ ነበር።

ሥራው በሰም ይጀምራል። የንብ ሰም ብቻውን አይበቃም፤ የዛፍ ሙጫ ይቀላቀልበታል። ሙጫው ጥንካሬ ይሰጠዋል፣ ሰሙ ልስላሴ ይሰጠዋል፤ በሙቀት ወራት እንዳይልም፣ በብርድ ወራት እንዳይሰነጠቅ ቅልቅሉን የሚያስተካክለው የሠሪው ጣት ነው። አካሉ፣ ራሱ፣ ክንዶቹ፣ ዙፋኑ የሆነው የሎተስ አበባ ለየብቻ ተበጅተው በጋለ መሣሪያ ይጋጠማሉ፤ ትልልቆቹ ሐውልቶች ደግሞ ለየብቻቸው በብረት ፈስሰው ኋላ ይያያዛሉ። የሰሙ ቅርጽ አንዳንድ ጊዜ ከቀድሞ ሐውልት በተወሰደ ማተሚያ እንደሚዘጋጅ አልክድም፤ ተከራካሪዎቼም ይህን ለማንሣት ይቸኩላሉ። ነገር ግን ከማተሚያው የወጣው ሰም ጅምር ነው። ጌጡን፣ የልብሱን እጥፋትና የጣቶቹን አጥንት እንደገና የሚያወጣው ሰው በእያንዳንዱ ላይ እንደ አዲስ ይቀመጣል።

ከዚያ ጭቃው ይከተላል። የመጀመሪያው ልባስ እጅግ የላመ አፈር ከእበት ጋር የተበጠበጠበት ቀጭን ፈሳሽ ነው፤ በሰሙ ላይ ያለችውን ኢምንት ጭረት ሁሉ የሚይዘው እርሱ ነውና። ሲደርቅ ሌላ ይደረባል፣ ሲደርቅ ሌላ፤ የውጭው ልባስ ከሩዝ ገለባ ጋር የተቦካ ወፍራም ጭቃ ነው። ማድረቁ አይቸኮልበትም፤ የቸኮለ ጭቃ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ጭቃ ሐውልት አይወልድም። ሰሙ ወደ ጭቃው ከመግባቱ በፊት ይመዘናል። መዳብ በመጠኑ ከሰም ዘጠኝ እጥፍ ያህል ስለሚከብድ የሰሙ ሚዛን የመዳቡን ልክ ይነግራል። ይህን ያወቀው ሰው ፊዚክስ አልተማረም ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ይሠራበታል።

ቀጥሎ ጭቃው ይግልና ሰሙ ይፈሳል፤ መዳቡም ይቀልጣል። እዚህ ላይ የኔዋር ባለሙያ በገዛ ፈቃዱ የመረጠውን ችግር መገንዘብ ያስፈልጋል። ናስ ወይም ነሐስ በቀላሉ ይቀልጣል፣ በቀላሉም ይፈሳል። መዳብ ግን እስከ 1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልጋለ አይቀልጥም፤ ቀልጦም ቅርጹን ለመሙላት ሰነፍ ነው፤ አየር አፍኖ ይይዛል። ያም ሆኖ የፓታን ሰዎች ከጥንት ጀምረው ንጹሕነቱ ከፍ ያለ መዳብ ይመርጣሉ። ምክንያቱ ሁለት ነው፤ መዳብ ለመሮ ይታዘዛል፣ ወርቅንም በደንብ ይቀበላል። የመጨረሻውን ውበት አስቦ የመጀመሪያውን መከራ የሚመርጥ ሰው «ገልባጭ» ከተባለ፣ ፈጣሪ የሚባለው ማን ሊሆን ነው?

ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል። ጭቃው ተሰብሮ ሲያልቅ ሰሙም የለም፣ ቅርጹም የለም፤ ያለው አንዱ ሐውልት ብቻ ነው። ፈሰሱ ከጎደለ፣ አንዲት ጣት ካልሞላች፣ መጠገን ወይም ከሰሙ እንደገና መጀመር ነው። ደህና የወጣውም ቢሆን ገና ሻካራና ጥቁር ነው። በዚህ ጊዜ ቀራጩ ይረከበዋል፤ በመዶሻና በቁጥር በዙ ትንንሽ መሮዎች ለሳምንታት፣ ትልቅ ሥራ ሲሆን ለወራት ተቀምጦ እያንዳንዱን የፀጉር ጥምልምል፣ የአክሊሉን ቅጠል፣ በልብሱ ጠርዝ ላይ ያለውን አበባ ያወጣዋል።

አሁን ወደ ወርቁ ደረስን። የቅኔ ሊቃውንት ልብ ይበሉ፤ በቅኔያችን ሰሙ ከውጭ ነው፣ ወርቁ ከውስጥ። በፓታን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሰሙ ቀልጦ ጠፍቷል፣ ውስጡን የያዘው መዳብ ነው፣ ወርቁ ከውጭ ነው። ወርቁን ከመዳቡ ጋር የሚያጋባው ደግሞ ባዜቃ፣ በዛሬው አጠራር ሜርኩሪ፣ ነው። ወርቁ ከባዜቃ ጋር ተፈጭቶ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፤ በጸዳው መዳብ ላይ ይቀባል፤ ከዚያ እሳት ይሰጠዋል። ባዜቃው በ357 ዲግሪ ይፈላና ተኖ ይሄዳል። ወርቁ በመዳቡ ላይ ይቀራል፤ በአጌት ድንጋይ ሲወለወልም ያ ሞቅ ያለ፣ ጥልቀት ያለው ብርሃን ይወጣል። «ተኖ ይሄዳል» ብዬ ስጽፍ ወዴት እንደሚሄድ አንባቢ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ። ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ በኋላ ፊቱ ይቀባል። በቲቤት ወግ ለሚሠራ ሐውልት ፊቱ በእሳት በተለበጠው ወርቅ ብቻ አይተውም፤ ደቆ በማጣበቂያ የተበጠበጠ ወርቅ በብሩሽ ይቀባበታል፤ ይህም ሳይወለወል ስለሚቀር ፊቱ እንደ ሰው ቆዳ ለስለስ ያለ፣ ብርሃንን የሚመጥ እንጂ የማያንጸባርቅ ይሆናል። ፀጉሩ ሰማያዊ ይቀባል፤ ከንፈሩ ይቀላል፤ ቅንድቡ ይሰመራል፤ በመጨረሻ ዓይኑ ይሳላል። ከሰሙ ጀምሮ ስንት ወር የለፋበት ሥራ በዚያች በአንዲት ቀጭን የብሩሽ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ዓይኑ ከተንሻፈፈ መዳቡም ወርቁም ምንም አያድኑትም።

የዓይን መሳል ምን ያህል ክብር ያለው ተግባር እንደሆነ ለማስረዳት ከኔፓል ወጣ ብዬ የጃፓንን አንድ ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። በናራ ከተማ፣ በቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ያለው ወደ 15 ሜትር የሚጠጋ የነሐስ ቡድሃ እ.ኤ.አ. በ752 ዓይኑ ሲከፈት ብሩሹን የያዘው ቦዲሴና የተባለ ሕንዳዊ መነኩሴ ነበር። ከብሩሹ ረጃጅም ገመዶች ወርደው በሥርዓቱ ላይ የተገኙት፣ ዙፋናቸውን የለቀቁት ንጉሠ ነገሥት ሾሙ ሳይቀሩ ገመዱን ያዙ። ሁሉም የዓይኑ ሠዓሊ ለመሆን ተመኙ ማለት ነው። ያን ብሩሽና ገመድ ጃፓኖች እስከ ዛሬ ጠብቀውታል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ወደ ምዕራቡ ዓለም ሰብሳቢ ቤት እንግባ። በዚያ የተቀባው ፊት ለረጅም ጊዜ እንደ ነውር ሲታይ ኖሯል። ያረጀ መዳብ ቡናማ ገጽታ ሲኖረው «ጥንታዊ» ይባላል፤ የታደሰ ፊት ሲኖረው «የተበላሸ» ይባላል። ቀለሙን ጠርገው ያነሡ አሉ። የማደስን ትርጉም ግን አላወቁም፤ ወይም ማወቅ አልፈለጉም። ምእመኑ የሐውልቱን ፊት እንደገና በወርቅ ማስቀባቱ የእምነት ተግባር ነው፤ እኛ ታቦት የሚወጣበትን ጥላ ሲደበዝዝ እንደምንለውጠው ማለት ነው። በሐውልቱ ሆድ ውስጥ የጸሎት ጥቅልሎችና ቅዱሳት ነገሮች ተሞልተው፣ ሥሩ በመዳብ ሰሌዳ ይታሸጋል። ብዙዎቹ ሰብሳቢ እጅ ሲደርሱ ማኅተማቸው ተገንጥሏል፣ ሆዳቸው ባዶ ነው። ዓይኑ ጠፍቶ፣ ሆዱ ባዶ ሆኖ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የቆመውን ነው እንግዲህ «ንጹሕ ቅርጽ» ብለው የሚያደንቁልን።

በሣጥኑ ሥር ያለችው ጽሑፍ ደግሞ ዘመኑን፣ አገሩን፣ ብረቱን፣ አንዳንዴም ያበረከተውን ሀብታም ስም ትዘረዝራለች። ሠሪው የለበትም። «ምን እናድርግ፣ ራሱ ስሙን አልጻፈም» ይሉናል። እውነት ነው፤ በብዙዎቹ የኔፓል ሐውልቶች ሥር የተቀረጸው ያሠራው ሰው ስም ነው። የእኛም መጽሐፍ ያስጻፈውን ጌታ ስም ከጸሐፊው አስቀድሞ የሚያነሣ አለ። ግን ትሕትናን ከመደምሰስ ጋር ማምታታት አይገባም። ሠሪው ስሙን ያልጻፈው ሥራውን ለአምልኮ ስላቀረበ ነው፤ ቤተ መዘክሩ ግን ለአምልኮ አላቆመውም። አንዱን ሥርዓት ለሸቀጡ ጥለው፣ ለሠሪው ሲሆን ጠብቀናል ማለት ምን ዓይነት ፍትሕ ነው?

ስም ሲፈለግ ደግሞ ይገኛል። አርኒኮ የሚባለው የኔዋር ልጅ እ.ኤ.አ. በ1260፣ ዕድሜው 20 ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ 80 ባለሙያዎችን እየመራ ወደ ቲቤት ሄደ፤ ከዚያም በኩብላይ ካን ቤተ መንግሥት የእደ ጥበባት ሁሉ የበላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1279 ያለቀው የቤይጂንግ ነጭ ስቱፓ የእርሱ ሥራ ነው፤ ቆሞ ይታያል። ታሪኩ በዩዋን ሥርወ መንግሥት ዜና መዋዕል ስለተጻፈ ስሙን አወቅን። አብረውት ከሄዱት መካከል ግን አንዱን እንኳ በስሙ የሚጠራ የለም። ልዩነቱ የችሎታ ሳይሆን የመዝገብ ነው ማለት ነው።

ዛሬስ? ዛሬ የሚሠራው ሰው በሕይወት አለ፤ ቤቱ ይታወቃል። ነገር ግን ገበያው «አሮጌ» የሚለውን ቃል ከሠሪው ስም አብልጦ ይከፍልበታል። አዲስ ሐውልት ከኔፓል ሲወጣ ጥንታዊ አለመሆኑ በአርኪዎሎጂ መሥሪያ ቤቱ ማኅተም መረጋገጥ አለበት፤ ይህ የተገባ ጥበቃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ አማልክቱ ከየአደባባዩ ተነቅለው ተሰርቀዋልና። ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ግን አዲሱን በጭስና በአሲድ አጥቁሮ አሮጌ የሚያስመስል ነጋዴ አለ። ለዚህ ነጋዴ በሕይወት ያለ ሠሪ ስም ኪሳራ ነው።

አሁን ተኖ ወደ ሄደው ባዜቃ ልመለስ። የሄደው ወደ ለባጩ ሳንባ ነው። ከዚያ ወደ ደሙ፣ ወደ ኩላሊቱ፣ ወደ አእምሮው ይሄዳል። እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ድድ ይቆስላል፤ ትዝታ ይሸሻል። የቶዳይጂው ቡድሃ ሲለበጥ 440 ኪሎ ግራም ያህል ወርቅና 2.5 ቶን ያህል ባዜቃ እንደፈጀ ቤተ መቅደሱ ይናገራል። ወርቁን ሁሉም አይቶታል። ሁለት ቶን ተኩሉን የተነፈሰው ማን ነበር ብሎ የጠየቀ ግን ምን ያህል ሰው ነው?

«ትውፊቱ ይህ ነው፣ ምን ማድረግ ይቻላል» የሚለውን መልስ አልቀበልም። በፓሪስ የነሐስ ሥራ ባለቤት የነበረው አንድሬ አንቷን ራቭሪዮ የሠራተኞቹን ሥቃይ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1814 ሲሞት ለባጮችን ከባዜቃ ጢስ ለሚያድን ሰው ሽልማት የሚሆን 3000 ፍራንክ ተናዝዞ ነበር። ሽልማቱን ዣን ፒዬር ዣሴፍ ዳርሴ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1818 ባሳተመው ጽሑፍም ጢሱን ከሠራተኛው ፊት ስቦ በጭስ ማውጫ የሚያስወጣውን ምድጃ አሠራር ገለጸ። ከዚያ ወዲህ 200 ዓመት አልፏል። ጢሱን ይዞ ባዜቃውን መልሶ የሚያጠራቅም ዝግ ምድጃም አዲስ ፍልስፍና አይጠይቅም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት ባዜቃ ያለባቸውን ምርቶች ሲያግድ በባህላዊና በሃይማኖታዊ ሥርዓት የሚያገለግሉትን ከእገዳው ውጭ አድርጓል። ለሥርዓቱ የተደረገው ክብር መልካም ነው። የሥርዓቱ ዕቃ ሲሠራ ጢሱን የሚተነፍሰውን ሰው ካላሰበ ግን ክብሩ ለማን እንደሆነ ግልጽ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው «እንግዲያውስ በባዜቃ መለበጥ ይቅር፣ በኤሌክትሪክ ይለበጥ» ይላሉ። በኤሌክትሪክ የሚለበጥ ሐውልት በገበያው ሞልቷል፤ ርካሽ ነው፤ ወርቁ ስስ ነው፤ መንከሪያውም ብዙ ጊዜ ሳያናይድ ስላለበት የራሱ መርዝ አለው። ከዚህም በላይ ይህን የሚመክሩት ሰዎች ለጭስ ማውጫው አንድ ሳንቲም ያላዋጡ ናቸው። ጥበቡን ከሠሪው ጋር ከማዳን ይልቅ ሁለቱንም አብሮ መቅበር ይቀላቸዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። በሐውልቱ የሚነግድ፣ የሚሰበስብና የሚያሳይ ሁሉ ከሚያገኘው ላይ ለለባጩ ምድጃና ለሕክምናው ይክፈል። በሕይወት ያለ ሠሪ ሐውልት ሲሸጥ የሰም ሠሪው፣ የአፍሳሹ፣ የቀራጩ፣ የለባጩና የፊት ሠዓሊው ስም አብሮ ይጻፍ፤ በቴአትር ማስታወቂያ ላይ የመብራት ባለሙያው ሳይቀር ይጻፍ የለም? የጥንቱን ሠሪ ስም ማግኘት ካልተቻለም «ያልታወቀ» ከማለት ይልቅ «የፓታን ኔዋር ባለሙያዎች» ተብሎ ይጻፍ፤ አገራቸውና ሕዝባቸው ከታወቀ ምኑ ነው ያልታወቀው? የተጠረገ ፊትና የተገነጠለ ማኅተም ያለበትን ሐውልት የሚያሳይ ቤተ መዘክርም ይህ መደረጉን በዚያችው ጽሑፍ ላይ ያስፍር።

ለእኛ የሚቀረው የቤት ሥራ ከዚህ አይርቅም። በመካከለኛው ዘመን የመጾር መስቀሎቻችን መካከል በዚሁ በሰም ዘዴ የፈሰሱ የመዳብና የነሐስ ሥራዎች አሉ፤ በየቤተ መዘክሩ ስንጎበኛቸው ዘመናቸውንና የተገኙበትን ደብር እናነባለን። ዛሬም መስቀል የሚያፈስ አንጥረኛ አለ። የሥነ ጥበብ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደ ቤተ መዘክሩ ከመውሰዳቸው በፊት ወደ እርሱ ቤት ይውሰዷቸው፤ የቅኔ መምህራንም አብረው ይሂዱ፤ ሰሙ ሲፈስ ቆመው ይዩ፤ ሲወጡም ስሙን ጠይቀው ይጻፉት።